ሕዝቡን ተቀባይ ያደረገው ባንድ፦ ኩዊን፣ ዌምብሌይ እና የሰባ ሰባቱ ድርቅ

ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። በለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም ከአመሻሹ 12 ሰዓት ከ41 ደቂቃ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ41 ሲሆን፣ ኩዊን የተባለው የእንግሊዝ የሮክ ባንድ አራት አባላት ወደ መድረክ ወጡ። በስታዲየሙ ውስጥ 72 ሺህ ያህል ሰው ነበር፤ ዝግጅቱን በሳተላይት የተከታተለው ሕዝብ ደግሞ በመቶ ሚሊዮኖች ይገመታል። ባንዱ መድረኩ ላይ የቆየው ለ21 ደቂቃ ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ከዚያ ወዲህ ባሉት አራት አሥርት ዓመታት የሙዚቃ ሐያስያንም ሆኑ ተራ አድማጮች ከምንጊዜውም ታላላቅ የመድረክ ሥራዎች መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚጠሩት ይህንኑ ሥራ ነው። ዝግጅቱ ላይቭ ኤይድ ይባል ነበር፤ የተሰናዳውም በወሎ፣ በትግራይና በሌሎችም የሰሜን ኢትዮጵያ አካባቢዎች በረሃብ እየረገፈ ለነበረው ወገናችን ነው። በዓለም ላይ በእጅጉ የሚታወቀው የሮክ መድረክ እና በእኛ ዘንድ «የሰባ ሰባቱ ድርቅ» እየተባለ የሚጠራው ክፉ ቀን በአንድ ቀን ላይ የተገናኙት እንዲህ ነበር። (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ያልተጻፈባቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

ስለ ኩዊን ዛሬ እንደገና ብዙ የሚነገርበት ምክንያት አለ። በ2024 የወጡ ዘገባዎች እንደሚሉት ሶኒ የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ የባንዱን ዘፈኖች መብት ለመግዛት አንድ ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ለመክፈል ተስማምቷል፤ በዚያው ዓመት ለሌላው ዝነኛ የእንግሊዝ ባንድ ለፒንክ ፍሎይድ ቅጂዎች ከተዘገበው 400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ጋር ሲነጻጸር የዋጋው ልዩነት ከፍተኛ ነው። በ1981 የወጣው የባንዱ የተመረጡ ዘፈኖች ስብስብ በብሪታንያ ታሪክ ከሁሉም አልበም ይልቅ የተሸጠ ሲሆን፣ በ2022 በዚያች አገር ብቻ ከሰባት ሚሊዮን ቅጂ በላይ በመሸጥ የመጀመሪያው ሆኗል። በ2025 ላይቭ ኤይድ 40ኛ ዓመቱን፣ «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» የተባለው ዘፈን ደግሞ 50ኛ ዓመቱን ያዘ። ድምፃዊው ከሞተ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነው ባንድ ከዓመት ዓመት ዋጋው የሚጨምረው ለምንድን ነው? የተለመደው መልስ የፍሬዲ መርኩሪ ድምፅ ነው የሚል ነው። ድምፁ ታላቅ መሆኑን የሚክድ የለም፤ ነገር ግን ታላቅ ድምፅ ኖሯቸው የተረሱ ብዙዎች ናቸው። በእኔ እምነት ምክንያቱ የሚገኘው በአገራችን የዘፈን ሥርዓት ውስጥ ጥንታዊ በሆነው በአውጪና በተቀባይ ግንኙነት ውስጥ ነው። አውጪው ስንኙን ያወርዳል፤ ተቀባዩ አዝማቹን እየመለሰ በጭብጨባ ያደምቃል። ኩዊን የስታዲየሙን ሕዝብ ከአድማጭነት አውጥቶ ተቀባይ አደረገው፤ ዘፈኖቹንም ገና ከመነሻው ለተቀባይ ቦታ ትቶ ሠራቸው።

ይህ ግን ከመጀመሪያው የታሰበበት አልነበረም። ባንዱ ለንደን ውስጥ በ1970 ሲመሠረት አባላቱ የተማሪ ባንድ የሚባሉ ዓይነት ወጣቶች ነበሩ። ጊታሪስቱ ብራያን ሜይ በኢምፔሪያል ኮሌጅ የፊዚክስ ተማሪ ነበር፤ ከድራመሩ ከሮጀር ቴይለር ጋር «ስማይል» በሚባል ባንድ ውስጥ ይጫወቱ ነበር። ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ጆን ዲከን የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ ሲሆን የተቀላቀላቸው በ1971 ነው። ባንዱን ኩዊን ብሎ የሰየመው፣ በዞዲያክ ምልክቶቻቸው ማለትም በሁለት አንበሶች፣ በአንድ ሸርጣንና በሁለት ደናግል አምሳያ አርማውን የነደፈውም በሥዕልና ግራፊክስ ትምህርት የተመረቀው ድምፃዊ ነው። በጊዜው የነበረው ስሙ ፋሮክ ቡልሳራ ነበር።

የፋሮክ የትውልድ ታሪክ ለእኛ ለምሥራቅ አፍሪካውያን ቅርብ ነው። በ1946 የተወለደው በዛንዚባር ስቶን ታውን ሲሆን፣ ወላጆቹ ከሕንድ የመጡ፣ የዞሮአስተርን ሃይማኖት የሚከተሉ ፓርሲዎች ነበሩ፤ አባቱም ለእንግሊዝ ቅኝ አስተዳደር በገንዘብ ያዥነት ይሠሩ ነበር። ልጁ ገና በስምንት ዓመቱ በሕንድ ፓንችጋኒ ወደሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላከ፤ ፒያኖ የተማረውና ከክፍል ጓደኞቹ ጋር የመጀመሪያውን ባንድ ያቋቋመው እዚያ ነው። በ1964 የዛንዚባር አብዮት ሲፈነዳ ቤተሰቡ የሚይዘውን ይዞ ሸሸና ለንደን ዳርቻ ፌልተም በምትባል ሰፈር አረፈ። ቤቱን ትቶ የተሰደደ ቤተሰብ ልጅ በአዲስ አገር ምን ያህል ራሱን እንደ አዲስ መፍጠር እንደሚኖርበት፣ በዋሽንግተንም ሆነ በቴል አቪቭ የሚኖር አንባቢ ከሌላ ሰው ማብራሪያ አይፈልግም። ፋሮክ ስሙን ፍሬዲ መርኩሪ ብሎ ለወጠ፤ ስለ ትውልዱም በአደባባይ ብዙ አይናገርም ነበር። ሆኖም በ1975ቱ ታላቅ ዘፈኑ ውስጥ «ቢስሚላህ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛው መካከል ድንገት ብቅ ሲል፣ ከእንግሊዝ የሮክ ባንዶች መንደር ያልመጣ ጆሮ እንዳለው ይሰማል። ቃሉ በልጅነቱ የአዛን ድምፅ እየሰማ ካደገባት ከተማ የመጣ ይሁን ወይም ለዜማው ስለተስማማ ብቻ የተመረጠ፣ እሱ ራሱ የዘፈኑን ትርጉም ሳይገልጽ ስላለፈ ሰሚው የሚፈርደው ነው።

የብራያን ሜይ ጊታር የራሱ ታሪክ አለው። ወጣቱ ብራያን በ1963 ጊታር የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው፣ መሐንዲስ ከነበሩት አባቱ ጋር ሆኖ በቤት ውስጥ መሥራት ጀመረ። አንገቱን ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የእሳት ማንደጃ ጠርዝ እንጨት ጠርቦ አወጣው፤ ሥራውም ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀ። ክሩን የሚመታው በፕላስቲክ መምቻ ሳይሆን በድሮ የስድስት ፔኒ ሳንቲም ነው። ይህ ጊታር «ቀዩ» እየተባለ ዛሬም መድረክ ላይ አለ፤ ባለቤቱም ለሙዚቃ ሲል ያቋረጠውን የሥነ ፈለክ የዶክትሬት ጥናት ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በ2007 አጠናቋል። የቤት ሥራ የሆነው የዚህ ጊታር ድምፅ በመቅረጫ ላይ ሲደራረብ የክራርና የዋሽንት ቡድን ያህል የተለያየ ቀለም ይሰጣል። ባንዱ በ1970ዎቹ አልበሞቹ ሽፋን ላይ ሲንተሳይዘር አልተጠቀምንም ብሎ በኩራት ይጽፍ የነበረውም ሰዎች የጊታሩን ድምፅ የማሽን ነው እያሉ ስላስቸገሩት ነው።

የመደራረብ ጥበባቸው ጫፍ የደረሰው በ«ቦሄሚያን ራፕሶዲ» ነው። በ1975 በአውሮፓ የበጋ ወራት ቀረጻው የተጀመረው በዌልስ በሚገኘው ሮክፊልድ ስቱዲዮ ሲሆን፣ ፕሮዲውሰሩ ሮይ ቶማስ ቤከር ነበር። ዘፈኑ 5 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ይፈጃል፤ አዝማች የሚባል ነገር የለውም። በለሆሳስ እንጉርጉሮ ጀምሮ ወደ ኦፔራ፣ ከኦፔራ ወደ ጠንካራ ሮክ ይሻገርና በለሆሳስ ይዘጋል። በኦፔራው ክፍል አንድ ሙሉ መዘምራን ያለ የሚመስለን ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። መርኩሪ፣ ሜይና ቴይለር ለሳምንታት ድምፃቸውን ደጋግመው እየቀረጹ፣ 24 መስመር ያለው ማሽን ሲሞላባቸው የተቀረጸውን አጣምረው ወደ አንድ መስመር እያሸጋገሩ፣ በተለቀቀው ቦታ ላይ እንደገና ይዘምሩ ነበር። ቴፑ በመመላለስ ብዛት ሽፋኑ ተፍቆ ብርሃን ማሳለፍ እስኪጀምር ድረስ እንደሳሳ ይነገራል። የኩባንያው ሰዎች ርዝመቱን ፈሩት፤ ኬኒ ኤቨሬት የተባለው የካፒታል ራዲዮ አቅራቢ ግን ቀድሞ በደረሰው ቅጂ በሁለት ቀን ውስጥ 14 ጊዜ አሰማው። ለቴሌቪዥን ተብሎ በጥቂት ሰዓታት የተቀረጸው የዘፈኑ ምስልም ባንዱ ስቱዲዮ ሳይገኝ በየሳምንቱ መታየት ስለቻለ፣ የሙዚቃ ቪዲዮ ለገበያ ምን ሊሠራ እንደሚችል ለኩባንያዎች አሳየ። ዘፈኑ በብሪታንያ ዘጠኝ ሳምንት አንደኛ ሆነ።

ይሁን እንጂ ይህ ዘፈን የሚደነቅ እንጂ አብሮ ለመዝፈን የተሠራ አልነበረም፤ ኦፔራውን ራሳቸውም መድረክ ላይ መጫወት ስለማይችሉ የተቀረጸውን ቴፕ ከፍተው ይወርዱ ነበር። የብዙ ጋዜጦች ሐያስያን በባንዱ ላይ ጨከኑ፤ የተጋነነ፣ ራሱን የሚያመልክ እያሉ ጻፉ። እኔን የሚያስደንቀኝ ከዚያ በኋላ የመጣው መታጠፍ ነው። በ1977 በስታፎርድ ከተማ ቢንግሊ ሆል በተባለ አዳራሽ ተጫውተው ሲጨርሱ፣ ሕዝቡ ከመበተን ይልቅ በእግር ኳስ ሜዳ የሚዘመር አንድ መዝሙር በአንድ ድምፅ ያዜምላቸው ጀመር። ብራያን ሜይ ይህን ታሪክ ደጋግሞ ተናግሯል፤ ተጨናንቆ የቆመ ሕዝብ ምን ማድረግ ይችላል ብሎ ራሱን ሲጠይቅ ያገኘው መልስ እግሩን መምታት፣ ማጨብጨብና መዝፈን የሚል ነበር። መርኩሪም በበኩሉ ሌላ ዘፈን ጻፈ። «ዊ ዊል ሮክ ዩ» እና «ዊ አር ዘ ቻምፒየንስ» በዚያው ዓመት በአንድ ሸክላ ግራና ቀኝ ወጡ።

የመጀመሪያው ዘፈን አሠራር መቼም ቢሆን ሊጠና የሚገባው ነው። እስከ መጨረሻው ድረስ ከበሮ የለበትም፤ ቤዝ የለበትም፤ ጊታሩ የሚገባው ሊያልቅ ሲል ነው። ያለው ሁለት የእግር ምት፣ አንድ ጭብጨባ፣ ከዚያም ዝምታ ነው። ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረው በዌሴክስ ስቱዲዮ ጥቂት ሰዎች በተነጠፉ ሳንቃዎች ላይ እየረገጡ ቀረጹት። ሜይ የፊዚክስ ዕውቀቱን አምጥቶ፣ የሺህ ሰው ጭብጨባ የሚያስመስለው የገደል ማሚቶ ሳይሆን ከተለያየ ርቀት የሚመጣው ድምፅ በተለያየ ቅጽበት ጆሮ መድረሱ ነው ብሎ፣ ድምፁን እርስ በርስ በማይካፈሉ የጊዜ ልዩነቶች እያዘገየ ደራረበው። ስለዚህ ሰሚው ገና ከመጀመሪያው በሕዝብ መካከል የቆመ ይመስለዋል። በየምቱ መካከል የቀረው ባዶ ቦታ ለሚያጨበጭብ ሰው የተተወ ነው፤ ይህን ዘፈን ለመጫወት የሙዚቃ መሣሪያ አያስፈልግም፣ ሰው ከተሰበሰበ ይበቃል። በሠርግ ቤት ሆታ ውስጥ ያደገ ሰው ሥርዓቱን ወዲያው ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ ባንዱ የሄደበት ሁሉ ተቀባይ አገኘ። በ1981 ሳኦ ፓውሎ ውስጥ በአንድ ምሽት ከ130 ሺህ በላይ ሰው ፊት ሲጫወት፣ ፖርቱጋልኛ ተናጋሪው ሕዝብ የእንግሊዝኛውን የፍቅር ዘፈን ከዳር እስከ ዳር ሲዘፍንለት መርኩሪ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይሰማ ነበር። በ1984 የወጣው የሮጀር ቴይለር «ራዲዮ ጋጋ» ደግሞ በቪዲዮው ላይ በተሰለፉ ሰዎች አማካይነት ሁለት እጅን ከራስ በላይ አንስቶ ማጨብጨብን ለአድማጩ አስተማረ። አራቱም አባላት ዘፈን ይደርሱ እንደነበር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፤ በአሜሪካ አንደኛ ከሆኑት ሁለት ዘፈኖቻቸው አንዱ የጸጥተኛው የጆን ዲከን ድርሰት ነው።

በዚሁ በ1984 ግን ባንዱ እስከ ዛሬ የሚወቀስበትን ነገር አደረገ። በኦክቶበር ወር በአፓርታይድ ሥር ወደነበረችው ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ሰን ሲቲ በተባለው መዝናኛ ተጫወተ። አርቲስቶች ወደዚያ እንዳይሄዱ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጥሪ አስተላልፎ ነበር፤ የብሪታንያ ሙዚቀኞች ማኅበርም አግዶ ነበር። ባንዱ በማኅበሩ ተቀጣ፣ በተባበሩት መንግሥታት የስም ዝርዝር ውስጥም ገባ። አባላቱ ፖለቲከኞች አይደለንም፣ ለተሰበሰበው ሁሉ ነው የተጫወትነው ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ አያሳምነኝም፤ ስለ ሕዝብና ስለ ተቀባይ በምናወራበት ጊዜ የትኛው ሕዝብ እንዲገባ ተፈቅዶለታል የሚለው ጥያቄ ከዘፈኑ ሊነጠል አይችልም።

በዚያው ወር፣ ኦክቶበር 23 ቀን፣ በእኛ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል ቡርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ሞሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ዘገባ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። የጎህ መቅደድ፣ በብርድ የተኮራመተው ሕዝብ፣ በነጠላ የተገነዙት አስከሬኖች። ይህን ዘመን ለሚያስታውስ ቤተሰብ ዝርዝሩን መድገም አያሻም። ሊደገም የሚገባው መንስኤው ነው፤ ዝናብ መጥፋቱ እውነት ሲሆን፣ በትግራይና በኤርትራ ይካሄድ የነበረው ጦርነት እንዲሁም የደርግ መንግሥት የእርሻ ፖሊሲ ድርቁን ወደ እልቂት ቀይረውታል። በሻለቃ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ይመራ የነበረው የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን አደጋው እንደሚመጣ በ1984 መጀመሪያ ወራት አስጠንቅቆ ነበር፤ ለጋሽ መንግሥታትም ችላ አሉ፣ የአዲስ አበባው መንግሥትም በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በዓል በደማቅ ሁኔታ ማክበሩን መረጠ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ።

የአየርላንዱ ሙዚቀኛ ቦብ ጌልዶፍ ዘገባውን ካየ በኋላ የእንግሊዝና የአየርላንድ አርቲስቶችን ሰብስቦ «ገና መሆኑን ያውቃሉን?» የሚል ርዕስ ያለውን የገና ዘፈን አስቀረጸ፤ ኩዊን በዚያ ቀረጻ ውስጥ አልነበረም። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ክርስትናን የተቀበለ፣ ላሊበላ ላይ ቤዛ ኩሉ የሚያዜም ሕዝብ ገና መሆኑን ያውቅ ይሆን ተብሎ መጠየቁ ዛሬም ብዙ ኢትዮጵያውያንን ያማል፤ የተሰበሰበው ገንዘብ ግን ስንዴና መድኃኒት ሆኖ የሰው ሕይወት ማትረፉ ደግሞ የማይካድ ነው። እኔ ሁለቱንም ስሜት በአንድ ልብ መያዝ ይቻላል ከሚሉት ወገን ነኝ። ጌልዶፍ በማስከተል በለንደንና በፊላደልፊያ በአንድ ቀን የሚካሄድ ኮንሰርት ሲያቅድ ኩዊን ከዋናዎቹ ተጋባዦች አንዱ ሆነ። ባንዱ በዚያን ጊዜ ደክሞ ነበር። የ1982ቱ አልበሙ ብዙዎችን ቅር አሰኝቷል፤ በአሜሪካ ገበያው ቀዝቅዟል፤ የሰን ሲቲ ጥላም አልለቀቀውም። አባላቱ ጥሪውን ለመቀበል አመንትተው ነበር።

ከተቀበሉ በኋላ ግን ከሌሎቹ የተለየ ነገር አደረጉ። ለእያንዳንዱ ባንድ የተመደበው 20 ደቂቃ ያህል ነበር። ብዙዎቹ አርቲስቶች አዲሱን ዘፈናቸውን ሊያስተዋውቁ ወይም እንደልማዳቸው ሊጫወቱ ሲመጡ፣ ኩዊን ለንደን ውስጥ ሾው ቲያትርን ተከራይቶ ለቀናት በሰዓት እየተለካ ተለማመደ። ስድስት ዘፈኖችን መረጡ፤ ረጅሞቹን ቆራረጡ፤ «ቦሄሚያን ራፕሶዲ»ን ኦፔራው ሳይደርስ አቋርጠው በቀጥታ ወደ «ራዲዮ ጋጋ» እንዲያልፍ አደረጉ። ይህ ምርጫ ለእኔ የሁሉ ቁልፍ ነው። ሰው የሚያደንቀውን ትተው ሰው የሚመልሰውን ወሰዱ። በቀን ብርሃን ስለሚጫወቱ የመብራት ማስዋቢያ እንደማይረዳቸው ያውቁ ነበር፤ የሚረዳቸው የ72 ሺህ ሰው እጅ ብቻ ነበር። «ራዲዮ ጋጋ» ሲጀመር ያ ሁሉ እጅ በአንድ ጊዜ ተነሥቶ ሁለት ሁለት ጊዜ ሲያጨበጭብ የሚያሳየው ምስል ዛሬም ተደጋግሞ ይታያል። ከዚያም መርኩሪ፣ ከወገቡ የተቆረጠ የሚመስለውን የማይክ ዘንጉን ይዞ፣ ቃል የሌለው ድምፅ እያወጣ ሕዝቡን አስመለሰ፤ እሱ ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል፣ እሱ ከፍ ያደርጋል፣ ሕዝቡ ይከተላል። ከታዳሚው ብዙው ትኬት የገዛው ኩዊንን ሊያይ አልነበረም። የመጨረሻዎቹ ሁለት ዘፈኖች ከስምንት ዓመት በፊት ለተቀባይ ተብለው የተጻፉት ሁለቱ ነበሩ።

ባንዱ በዚያ ቀን ትንሣኤውን አገኘ። በቀጣዩ ዓመት በአውሮፓ ባደረገው ጉዞ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አየው፤ በቡዳፔስት መርኩሪ የሃንጋሪኛ ባህላዊ ዘፈን ቃላት መዳፉ ላይ ጽፎ አዜመ፤ ኦገስት 9 ቀን 1986 በኔብወርዝ ያደረጉት ዝግጅት ግን ከእሱ ጋር የመጨረሻው ሆነ። ኤድስ እንደያዘው በአደባባይ የገለጸው ኖቬምበር 23 ቀን 1991 ሲሆን በማግስቱ በ45 ዓመቱ ዐረፈ። በሽታው እንደ እርግማን በሚታይበት፣ የአገሩ ጋዜጦች የከሳ ፊቱን ለመሸጥ በር ላይ በሚያድሩበት ዘመን እስከ መጨረሻው ወራት ድረስ ቆሞ መዝፈን እስኪያቅተው ይቀርጽ ነበር። «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» እንደገና ወጥቶ ለሁለተኛ ጊዜ አንደኛ ሲሆን ገቢው ለኤድስ ሕሙማን መርጃ ተሰጠ፤ በሚያዝያ 1992 በዌምብሌይ ከተደረገው የመታሰቢያ ኮንሰርት በኋላም በስሙ የተቋቋመው ድርጅት በሽታውን ለመከላከል በተለያዩ አገሮች ሲሠራ ቆይቷል።

ዲከን በ1997 ከሙዚቃ ዓለም ገለል አለ። ሜይና ቴይለር በመጀመሪያ ከፖል ሮጀርስ ጋር፣ ከ2010ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ከአሜሪካዊው አዳም ላምበርት ጋር ስታዲየሞችን መሙላታቸውን ቀጠሉ። ያለ መርኩሪ ኩዊን የለም የሚሉ አሉ፤ ሐዘናቸው ይገባኛል። ሆኖም በጁላይ 2017 በለንደን ሃይድ ፓርክ የሆነውን ማሰብ ያስፈልጋል። 65 ሺህ ያህል ሰው ግሪን ዴይ የተባለውን ሌላ ባንድ እየጠበቀ ሳለ በድምፅ ማጉያው «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» ተለቀቀ። መድረኩ ላይ ማንም አልነበረም። ሕዝቡ ያን አዝማች የለሽ፣ ለመዝፈን የማይመች ረጅም ዘፈን ከነኦፔራው፣ እስከ ጊታሩ ዜማ ድረስ በአፉ እያዜመ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘፈነው። ለተቀባይ ያልተሠራው ዘፈን ሳይቀር ተቀባይ አግኝቶ ነበር።

ሶኒ የከፈለው ዋጋም የሚገባን ከዚህ አንጻር ነው። እንደ ዘገባዎቹ ኩባንያው የወሰደው የቅጂና የድርሰት መብቶችን ሲሆን፣ ከመድረክ ሥራ የሚገኘው ገቢ ከስምምነቱ ውጪ ሆኗል። በየእግር ኳስ ሜዳው፣ በየማስታወቂያው፣ በየፊልሙ ሁለት የእግር ምትና አንድ ጭብጨባ በተሰማ ቁጥር የሚከፈል ገንዘብ አለ። መርኩሪ ዘፈኖቹን የደረሰበት ፒያኖ በ2023 በሶዝቢስ ጨረታ 1.7 ሚሊዮን ፓውንድ ማውጣቱም የዚሁ ፍቅር ሌላ ገጽታ ነው።

እዚህ ላይ የ2018ቱን የሆሊውድ ፊልም ማንሣት ግድ ይላል፤ ምክንያቱም ከወጣቱ ትውልድ ብዙው ላይቭ ኤይድን የሚያውቀው በእሱ ነው። ፊልሙ ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፣ አራት ኦስካር አግኝቷል፤ የዌምብሌይን መድረክም በጥንቃቄ ዳግም ሠርቶታል። ለታሪኩ ሲል ግን ሁለት ነገር አዛብቷል። አንደኛው፣ መርኩሪ ከኮንሰርቱ በፊት ሕመሙን ለጓደኞቹ የነገረ ያስመስለዋል፤ የቅርብ ሰዎቹ እንደተናገሩት ግን በሽታው የተረጋገጠው በ1987 ገደማ ነው። ሁለተኛው ለእኛ ይበልጥ የሚመለከተን ነው። በፊልሙ ውስጥ የእርዳታ ስልኮቹ የሚጨናነቁት ኩዊን ሲጫወት ነው። ልጆቻችን ይህን አይተው፣ ዓለም ለወሎና ለትግራይ እጁን የዘረጋው በአንድ ድምፃዊ ብቃት ተማርኮ ነው ብለው ቢያምኑ አይፈረድባቸውም።

የዚያን ምሽት ቅደም ተከተል ግን ሌላ ነው። ኩዊን ከወረደ በኋላ ወደ መድረክ የወጣው እንግሊዛዊው ዘፋኝ ዴቪድ ቦዊ ነበር። ቦዊ አምስት ዘፈን አዘጋጅቶ ነበር፤ ከኮንሰርቱ በፊት ግን የካናዳው ሲቢሲ ባለሙያዎች በኢትዮጵያ የቀረጹትን ምስል አይቶ፣ ምስሉ ለሕዝብ እንዲታይ ሲል አንዱን ዘፈን ሰርዞ ጊዜውን ሰጠ። አራተኛውን ዘፈን ሲጨርስ ስለ ምስሉ ጥቂት ተናገረና ከመድረክ ወረደ። በስታዲየሙ ታላላቅ ስክሪኖች ላይ የሰሜን ኢትዮጵያ ልጆች ታዩ፤ ለመቆም የሚንገዳገዱ፣ በእናታቸው ክንድ ላይ የሚያጣጥሩ፣ ዝንብ ያንዣበበባቸው። ከአንድ ሰዓት በፊት እጁን አንስቶ ሲያጨበጭብ የነበረው ያ ሕዝብ ጸጥ ብሎ ተመለከተ፤ ያለቀሱም ነበሩ። የስልክ መስመሮቹ በእጅጉ የተጨናነቁት ከዚያ በኋላ ነው።